የተመለሰው ቅርጫት

ሽማግሌው የሞቱት ከራሳቸው መድኃኒት ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በራሳቸው መድኃኒት ነው። ትራሱ በደም ርሶ ደርቋል። ማንም ሳይመታቸው ክንዳቸው በልዟል። አልጋው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ የደም ማቅጠኛ ኪኒናቸው ብልቃጥ ቆሟል፤ ከጎኑ የተጨማደደ ጥጥ ወድቋል።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ጥጡን አየችው እንጂ አልነካችውም።

«ማዘዣው ባለ አንድ ሚሊግራም ይላል» አለ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም። «ብልቃጡ ውስጥ ያለው ባለ አምስት ነው። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ክብ። የሚለያቸው የተቀረጸባቸው ቁጥር ብቻ ነው። አምስት እጥፍ ሲውጡ ሰንብተው ውስጣቸው ደማ።»

«ዓይናቸውስ?»

«ሞራ ሸፍኖታል። የሰጧቸውን ነው የሚውጡት።»

ከክፍሏ ፊት ያለው መድኃኒት ቤት ተዘግቶ፣ ውስጡ አራት ሰዎች ይጠብቁ ነበር። አንዱ የሟች ልጅ ነው፤ ፋርማሲስት ቢሆንም ደንበኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አያርምም። ሁለተኛው ኪኒን እየቆጠረ ብልቃጥ የሚሞላው ጎልማሳው አዳይ ነው። ሦስተኛዋ፣ ቴክኒሽያኖች የተሞላውን መድኃኒት ለታማሚው ከመሰጠቱ በፊት እንዲያረጋግጡ የምታስተምረው አሠልጣኝ ናት። አራተኛዋ ደግሞ ሠልጣኟ። ስሕተት ስለማያመልጣት ሽማግሌው «ንስር» ብለዋታል። የማረጋገጫ ፈተናዋ ነገ ነበር።

ዶክተር እስኪጠየቅ አልጠበቀም። «ምን ይመረመራል? ብልቃጡን ያሳለፈችው እሷ ናት፤ ፊርማዋ ሌብሉ ላይ አለ። ለልጅ እግር ሥራ አይሰጥም ብዬ ለፍልፌ ነበር። አባቴ አልሰማኝም። በሬ ካራጁ ይውላል አሉ!»

ኢንስፔክተሯ የንስርን ክንድ ይዛ ወደ ዕቃ ማከማቻው ወሰደቻት።

«እታሰራለሁ?»

«ገድለሽ ከሆነ፣ አዎ። ሥራችሁን ንገሪኝ።»

«ዶክተር ማዘዣውን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባል። ጋሼ ሌብሉን ለጥፎ ብልቃጡን ይሞላና ከማዘዣው ጋር በቅርጫት ይሰጠኛል። እኔ ስሙን፣ መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ አወሳሰዱን አስተያያለሁ። ስሕተት ካገኘሁ ራሴ አላርምም፤ ቅርጫቱን እመልሳለሁ።»

«የሽማግሌውንስ?»

«መልሼው ነበር! ማዘዣው ‹ጠዋት› እያለ ሌብሉ ‹ጠዋትና ማታ› ይላል። ጋሼ ሌብሉን ቀይሮ ሲያመጣልኝ አሳለፍኩት። ኪኒኑንም አንድ በአንድ አይቻለሁ፤ ባለ አንድ ነበር። በእናቴ!»

«እናትሽ እዚህ አልሠራችም። ጥጡን ከብልቃጡ ያወጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ። አባባ ጠርተው ‹ማነው ይሄን የጠቀጠቀብኝ? ጣቴን እያያችሁ!› ብለው ጮኹብኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማውጣት አይችሉም። በወረንጦ ሳብኩላቸው።»

«ያኔስ ኪኒኑን አየሽው?»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

«ያየሁት ጥጡን ነው» አለች።

ቀጣዩ አዳዩ ነበር። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶበታል።

«እኔ ለአባባ ጥጥ? ምን ሲደረግ! ለሌላው ሰው ሁሉ አደርጋለሁ፤ ለሳቸው ካደረግኩ ጆሮዬን ነው የሚመዘልጉኝ።»

«የተመለሰ ቅርጫት የት ይቀመጣል?»

«ዶክተር ክርን ሥር ባለችው መደርደሪያ። ከዚያ ጓዳ ሄጄ አዲስ ሌብል አሳትሜ መጣሁና በአሮጌው ላይ ለጠፍኩበት።»

«ብልቃጡን ከፈቱት?»

«ሌብል ለመለጠፍ ብልቃጥ ይከፈታል እንዴ፣ እመቤቴ?»

አሠልጣኟ ለመቀመጥ እንኳ አልፈለገችም። «ጠይቂኝና ልሂድ። ተማሪዬን ልታስሪያት ከሆነ ጠበቃ መፈለግ አለብኝ።»

«ለሽማግሌው ጥጥ እንደማይደረግ ያውቁ ነበር?»

«የቤቱ ድመት ሳትቀር ታውቃለች።»

«ሽማግሌው ሥልጠናውን ለምን ፈለጉት?»

«ልጃቸውን ለመገላገል ነዋ። ማረጋገጡን ቴክኒሽያኖቹ ከያዙት፣ ለቀረው ሥራ ሌላ ፋርማሲስት ለግማሽ ቀን መቅጠር ይበቃል። ‹ንስር ፈተናዋን ባለፈች ማግስት ይህን ወንበር አሞቂ አባርረዋለሁ› ይሉ ነበር። እዚያው ፊቱ፣ ደንበኛ እየሰማ።»

«እሱስ እንዴት ነው የሚያረጋግጠው?»

አሠልጣኟ ሳቀች። «ዓይኑን ጨፍኖ። ብልቃጥ ሲከፍት አይቼው አላውቅም።»

ዶክተርን የጠየቀችው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። አባቱን በየቀኑ ያይ እንደሆነ ጠየቀችው፤ «አብረን እንውል የለ?» አለ። ክፍላቸው ገብቶ አብሯቸው ይቀመጥ እንደሆነ ጠየቀችው።

«የሽማግሌ ክፍል ሽታ አይስማማኝም» አለ።

ኢንስፔክተሯ ለፖሊሶቹ አንድ ትእዛዝ ሰጥታ ወደ ጓሮ ላከቻቸው። መንገድ ተሻግራ ከሱቅ አንድ ነገር ገዛች። ስትመለስ አራቱን በመደርደሪያው ዙሪያ አቆመችና አንድ ቅርጫት አስቀመጠች። ውስጡ ማዘዣና የተሞላ ብልቃጥ አለ።

«አረጋግጡልኝ። በየተራ።»

«አባቴ ሞቶ አንቺ ትጫወቻለሽ?» አለ ዶክተር።

«ቶሎ ከጨረስን ቶሎ ያለቅሳሉ።»

ሁሉም አዩ። ንስር በቁጣ ብልቃጡን ከፍታ ኪኒኖቹን ትሪ ላይ ዘረጋች፣ ቁጥራቸውን አነበበች፣ መልሳ ሞላች። ዶክተር ሌብሉን ብቻ አየ። ሁሉም ያገኙት ስሕተት አንድ ነው፤ ሌብሉ ላይ ያለው ስም ከማዘዣው ስም ይለያል። ኢንስፔክተሯ ቅርጫቱን ይዛ ጓዳ ገባችና ወዲያው ተመለሰች።

«ተስተካክሏል። እንደገና እዩት።»

አዳዩ ሌብሉን አይቶ «አሁን ልክ ነው» አለ። አሠልጣኟ ሌብሉን አይታ አሳለፈችው። ንስር ስሙን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችና አሳለፈችው። ዶክተር ብልቃጡን ተቀበለ፣ ክዳኑን አሽከረከረና አጮለቀ።

«ይሄ ከረሜላ ነው!» አለ ፈገግ ብሎ። «ንስር ተብዬዋም፣ አስተማሪዋም አለፋቸው። አላልኩም?»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም።

«ዕድሜህን ሙሉ ብልቃጥ ከፍተህ አታውቅም» አለች፤ ‹እርስዎ›ው ቀርቷል። «ዛሬ ለምን ከፈትከው?»

«መርማሪ ስታጠምደኝ ዓይኔን ልጨፍን?»

«በመጀመሪያው ዙር ጨፍነህ ነበር፤ ያየኸው ሌብሉን ብቻ ነው። የከፈትከው ቅርጫቱ ተመልሶ ሲመጣ ነው። እነዚህ ሦስቱ ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ስሕተት አግኝተው ከመለሱ በኋላ ግን የሚያዩት የተስተካከለውን ብቻ ነው። በመሄድና በመምጣት መሃል ሌላው ሊቀየር እንደሚችል አያስቡም። አንተ አሰብክ።»

አሠልጣኟ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «‹ከመጀመሪያው ጀምሩ› ብዬ ነው የማስተምረው…»

«ያስተምራሉ፤ አይሠሩበትም። እሱም የተመካው በዚሁ ነው። ‹ጠዋትና ማታ› የሚለውን ስሕተት ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባው ራሱ ነው። ልጅቷ እንደምታገኘው ያውቃል። የመረጣት ሰነፍ ስለሆነች አይደለም፤ ጎበዝ ስለሆነች ነው። ስሕተቱን አገኘች፣ ደስ አላት፣ መለሰችው። ቅርጫቱ ከክርኑ ሥር ሲደርስና ጋሼ ወደ ማተሚያው ሲሄዱ፣ ተመሳሳይ ሌብል ለጥፎ ባዘጋጀው ባለ አምስት ብልቃጥ ቀየረው። አባቱ ይሞታሉ፣ ልጅቷ ትታሰራለች፣ ሥልጠናው ይዘጋል። እሱ ወንበሩ ላይ ይቀራል።»

«ተረት ነው» አለ ዶክተር። «ለመቀየርማ ይሄ አዳይም ይችላል።»

«ይችላሉ። እሳቸው ቢሆኑ ግን ጥጥ አያደርጉም ነበር። እዚህ ቤት የአባትህ ጣት እንደሚንቀጠቀጥ ድመቷም ታውቃለች። አጠገባቸው ውለህ የማታውቀው አንተ ነህ። እንደ ማንኛውም ደንበኛ ጠቀጠቅክባቸው።»

«በጥጥ ነው የምትከሺኝ?»

«አይደለም።» በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ አንድ ብልቃጥ በላስቲክ ይዞ ገባ። «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት የሚጣልበት ሣጥን ጓሮ አለ። የሚቆለፈው ባንተ ቁልፍ ብቻ ነው፤ የሚያቃጥሉት ሰዎች ገና አልመጡም። የአባትህ ስም፣ ‹ጠዋትና ማታ›፣ ውስጡ ባለ አንድ። ጥጥ የለውም። በሬ ካራጁ ይውላል አልክ? እውነትህን ነው፤ ወንበር ገዝተውልህ ነበር የዋሉት።»

ዶክተር ሲወስዱት ዞሮ ያየው ሰውን አልነበረም፤ ወንበሩን ነው።

ንስር ቦታዋን አልለቀቀችም። «እኔ… ነፃ ነኝ?»

«ከወንጀሉ።»

«ጥጡን ሳወጣ ወደ ውስጥ ባይ ኖሮ፣ አባባ…»

«ብልቃጡን የጀመሩበት ቀን ነበር?»

«አዎ። ገና አንድም አልዋጡም ነበር።»

«እንግዲያው ይኖሩ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ወጣች።

ልጅቷ ነጭ ካፖርቷን ማውለቅ ጀመረች። ቁልፎቹን ፈትታ ከትከሻዋ አወረደችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች አሠልጣኟ።

«ነገ ፈተናው ላይ አልቀርብም፣ እትዬ። ከእንግዲህ የሰው ኪኒን አልነካም።»

አሠልጣኟ ካፖርቱን መልሳ ትከሻዋ ላይ ጫነችላት። ከዚያ ከረሜላ የሞላውን ብልቃጥ ከነቅርጫቱ ወደ እሷ ገፋችው።

«ትቀርቢያለሽ» አለቻት። «ያንቺን ያህል የሚፈራ አረጋጋጭ ከየት አመጣለሁ? ያዢ። ከመጀመሪያው ጀምሪ።»