የጋሽ በኃይሉ ኮት

ማመን ያልፈለገ አይመን... እኔ ግን ከብርሃነሽ አፍ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምነግራችሁ።

ብርሃነሽ የባለቤቴ እህት ናት። ውሸት አይሆንላትም፤ ፊቷ ያሳብቅባታል።

ደግሞ ሌሊት የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሀዋሳ መሃል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታች ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ሰው ይገበያያል... ላይ ደግሞ ይህ ይሆናል።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልናገርም።

በእኛ አገር ቢሮ ውስጥ ኮት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰውየው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ጣል ያደርጋል። አለቃ ሲጠይቅ «አለ፣ ይኸው ኮቱ» ይባላል። ኮት ካለ ሰው አለ።

ጋሽ በኃይሉ አሮጌ ፋይሎችን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሠራተኛ ነበሩ። ከሦስት ወር በፊት ጠረጴዛቸው ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ይርጋለም ቤተሰቦቻቸው ጋ ሄደው ተኙ።

ግራጫው ኮት ግን ወንበሩ ላይ ቀረ።

አለቃው አቶ ክብሩ የጋሽ በኃይሉን ሥራ በብርሃነሽ ላይ ደረቡት። በዚያው ወንበር አስቀመጧት። «ለጊዜው ነው» አሉ።

ለጊዜው የተባለ ነገር መቼ አልቆ ያውቃል?

በሁለተኛው ወር ሰውነቷ መናገር ጀመረ። ጠዋት ስትነሳ መንጋጋዋ ተቆልፎ ታገኘዋለች። ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ታቦር ሰፈር ካለው ቤቷ ወጥታ ባጃጅ ውስጥ ከገባች በኋላ የት እንደምትሄድ ጠፋባት። ጤና ጣቢያ ሄደች። ገና ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው... ደም ግፊት አሏት።

«ካላረፍሽ እዚያው ወንበር ላይ ትወድቂያለሽ» አላት ሐኪሙ።

የእረፍት ፎርም ሞላች። አቶ ክብሩ መለሱት። ደግማ ሞላች። መለሱት። «ሪፖርቱ ይለቅ እንጂ ብርሃነሽ፣ ማን ያልደከመው አለ?»

ኮቱን ልብ ማለት የጀመረችው ያኔ ነው።

መጀመሪያ አንገትጌው... ረጥቦ ነበር። በላብ። ትኩስ ላብ።

ሦስት ወር ማንም ያልለበሰው ኮት!

በማግስቱ ኪሱን ዳሰሰች። የራስ ምታት ክኒን ማሸጊያ አገኘች፤ ሁለቱ ተውጠዋል። የራሷን ቦርሳ ከፈተች። እሷም የዚያን ቀን ሁለት ውጣለች።

በሚቀጥለው ቀን ሦስት ዋጠች። ኪሱን አየች።

ሦስት።

አጠገቧ የምትሠራውን ሶፍያን ጠራቻት።

«ሶፊ... ይህን ኮት ማን ነው የሚነካው?»

«ማንም። ጠዋት በሩን የምከፍተው እኔ፣ ማታ የምዘጋው እኔ።»

«ነይ ንኪው እስቲ።»

ሶፍያ ነካችው። እጇን ቶሎ ሰበሰበች።

«ወላሂ... ይሞቃል።»

ብርሃነሽ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ይርጋለም ደወለች። የጋሽ በኃይሉ ድምፅ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«ጋሽ በኃይሉ፣ ኮትዎን ልላክልዎት?»

«የምን ኮት?»

«ግራጫው። ወንበርዎ ላይ ያለው።»

«ልጄ፣ እኔ ኮት የለኝም። እኔም ስመጣ እዚያው ነበር።» ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ አለ። «ስሚኝማ... ሲደክምሽ እንዳትለብሺው። ደስ ይላል። ክፋቱ እሱ ነው፣ ደስ ይላል።»

ሐሙስ ደረሰ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሳ፣ ዝናብ ተከተለ። ቢሮው ቀዘቀዘ። ብርሃነሽ እህቷ የሠራችላትን ቢጫ ሹራብ ለብሳ ነበር፤ አላሞቃትም። እጇ ይንቀጠቀጣል። ሃያ ሰባት ፋይል ቀርቷታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም።

የምታስታውሰው... እጇ መንቀጥቀጥ እንዳቆመ ነው።

መንጋጋዋ ተለቋል። ራስ ምታቱ የለም። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ብቻቸውን ይሮጣሉ። ፋይሉ ያልቃል፣ ሌላ ይመጣል፣ ያልቃል። እንዴት ደስ እንዳላት! ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልተሰማትም። ምንም።

ቀና ስትል ሶፍያ ግድግዳው ጋ ተለጥፋ አፏን በእጇ ይዛለች።

ብርሃነሽ ወደ ክንዷ አየች።

ግራጫ ነው።

ደግሞ የኮቱ ቁልፎች... ከታች ጀምረው አንድ በአንድ እየተቆለፉ ነው። ሁለቱም እጆቿ ግን ኪቦርዱ ላይ ናቸው።

ያን ጊዜ አቶ ክብሩ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ፈገግ አሉ።

«አሁን ገና ሠራተኛ መሰልሽ!»

ያ ንግግር ባይኖር ኖሮ አልቆላት ነበር። ንዴቱ ነው ያዳናት።

«በኢየሱስ ስም!» ብላ ብድግ አለች። ኮቱን ከላይዋ ገፈፈችው። አልለቅ አላት፤ የሹራቧን እጅጌ ይዞ ጎተተ። እሷም ጎተተች። አንድ ቁልፍ ተበጥሶ መሬት ላይ ተንከባለለ። አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው... ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም።

እጇ መንቀጥቀጡን ቀጠለ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን መንቀጥቀጧን ወዳ አታውቅም።

ኮቱን ወንበሩ ላይ መልሳ አንጠለጠለችና ወደ አለቃዋ ዞረች።

«አቶ ክብሩ፣ እኔ አሞኛል። የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ከነገ ጀምሮ አሥር ቀን እረፍት ላይ ነኝ።»

«ማን ፈቅዶልሽ?»

«እዚህ ቤት ኮት ካለ ሰው አለ ይባል የለም እንዴ? ይኸው ኮቱ። እሱ ይሥራልዎ!»

ወጣች። በዝናብ ውስጥ እስከ ታቦር በእግሯ ሄደች።

አሥሩን ቀን ተኛች፣ በላች፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ተራመደች። ስልክ ሲጠራ አላነሳችም። መንጋጋዋ በስድስተኛው ቀን ተላቀቀ... በራሱ።

ተመልሳ ስትገባ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠብቃ ነበር። አቶ ክብሩ ግን ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም። ፊታቸው አመድ መስሏል።

ሶፍያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ፋይሉ ሁሉ አልቋል። ጠዋት በሩን ስከፍት ተሠርቶ አገኛለሁ። አንድ ቀን አለቃ ቀደም ብለው ገቡ... ምን እንዳዩ አይናገሩም።»

ጠረጴዛው ላይ የእረፍት ፎርም ነበር። በደንብ ተሞልቷል። የአመልካች ስም የሚለው ባዶ ነው። የቀን ብዛት፦ አሥር። ምክንያት፦ «ደክሞኛል።»

የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው።

ኮቱ ወንበሩ ላይ ነው። አንገትጌው ረጥቧል። እጅጌዎቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ሶፍያ አቃጥዪው አለቻት። ብርሃነሽ ግን ብዙ አየችው... እውነት ለመናገር አሳዘናት።

«እኔን የከለከሉኝን እኔ አልከለክልም» አለችና የኃላፊ ፊርማ በሚለው ቦታ ላይ ፈረመች።

በማግስቱ ኮቱ የለም።

ለእሷ ሥራም ሁለተኛ ሰው ተቀጠረ። በስንት ዓመት!

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ።

እሑድ ከቸርች ስትወጣ ቢጫ ሹራቧን ደርባ ወደ ሐይቁ ወረደች። ፀሐይ ነው፣ ሰዉ አሳ ይበላል፣ ልጆች ይጫወታሉ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም።

ኮቱ እዚያ ነው። ወደ ውሃው ዞሯል። አንገትጌው ደርቋል።

አልሸሸችም። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አሥር ቀን ነው የፈቀድኩልህ» አለችው። «ስትመለስ ወደ እኔ ወንበር እንዳትመጣ። ሁለተኛ አልለብስህም።»

ልትሄድ ስትል ዓይኗ ደረቱ ላይ አረፈ። የተበጠሰው ቁልፍ ቦታው ላይ ተሰፍቷል።

ቦርሳዋን ከፈተች። ቁልፉ የለም።

እንደገና አየች... የተሰፋበት ክር ቢጫ ነው።

ቀስ ብላ የሹራቧን እጅጌ ወደ ዓይኗ አነሳች። ጫፉ መተርተር ጀምሯል።