ከዶሮዋ ሥር የተገኘው መፍቻ

አበራሽ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ሸዋ ሮቢት፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ነበር። ዘመኑ ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ክፉ ዘመን ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁለት የሚወርዱት የጭነት መኪናዎች ሮቢት ሲደርሱ የአንዱ ጎማ ይፈነዳል፣ የአንዱ ፍሬን ይግላል፣ አንዱ ደግሞ እንደ ደከመው በሬ ከመንገዱ መሀል ቆሞ ይቀራል።

አባቷ አቶ ወልደማርያም አናጢ ነበሩ። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ሲኖሩ ከአንድ አርመን ዘንድ መኪና መጠገን ተምረዋል። "ሙያው ካለኝ ለምን በግቢዬ ጋራዥ አልሠራም?" አሉና አንድ ቀን ታጥቀው ተነሡ።

ልጆች፣ ያ ጋራዥ ሲሠራ ባያችሁ! አቶ ወልደማርያም የግራር ምሰሶ ተከሉ። መንገድ ሠሪዎች የጣሏቸውን አሮጌ በርሜሎች አስፈቅደው አመጡና እየቀጠቀጡ ዘርግተው ጣሪያ አደረጓቸው። ግድግዳውን በማሽላ አገዳ ሠሩት፤ የቆላውን ሙቀት ታውቁት የለ፣ ነፋስ እንደ ልብ እንዲገባ ነው። ከመሀል ሰው ቆሞ የሚሠራበት ጉድጓድ ቆፍረው ዙሪያውን በድንጋይ ገነቡት። መኪናው ከላይ ይቆማል፤ እሳቸው ከታች ሆነው ሆዱን ያዩለታል።

ጎረቤታቸው ጋሼ ነጅሙዲን ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ወናፋቸውን ይዘው መጥተው ጥግ ላይ ተከሉት። መዶሻውን፣ ጉጠቱን፣ መፍቻውን በእሳት እያጋሉ ቀጠቀጡ። አቶ ወልደማርያም ሰፊ ጣውላ አቆሙና ለየዕቃው ማንጠልጠያ አበጁ፤ የየዕቃውንም ቅርጽ በከሰል ሣሉበት። መዶሻው የመዶሻ ቦታ፣ መጋዙም የመጋዝ ቦታ አገኘ። አበራሽና የጋሼ ነጅሙዲን ልጅ ሐምዲያ ከሮቢ ወንዝ አሸዋ በቅርጫት እያመላለሱ ወለሉን አለበሱት።

ሰፈርተኛው መጀመሪያ "ወልደማርያም ለመኪና ጎጆ አወጣለት!" እያለ ሳቀ። ኋላ ግን ማረሻው የተሰበረበት ገበሬ ከቀወት፣ መኪናው የቆመበት ነጋዴ ከአጣዬ ሲመጣ አይቶ እጁን በአፉ ጫነ።

አበራሽ ጋራዡን እንደ ዓይኗ ብሌን ትወደው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ያሳዝናታል። የቤቱ መፍቻ ጠንካራ ቢሆንም ሁሉንም ብሎን አይዝም። ሲያመልጥ የአባቷን ጣት ይልጠዋል።

አንድ ቀን የጣሊያን ሠራዊት መኪና ተበላሽቶ መጣ። ሾፌሩ ከሳጥኑ አንድ መፍቻ አወጣ። እንደ ብር ያብረቀርቃል። አፉ እንደ ብሎኑ ልክ ይጠባል፣ ይሰፋል። አቶ ወልደማርያም ቀኑን ሙሉ ሲሠሩበት እጃቸው አልተላጠም።

"አይ መፍቻ!" አሉ እያገላበጡ። "እጁን የባረከለት ሰው ነው የሠራው።"

መኪናው ሲጠገን ሾፌሩ መፍቻውን ከመኪናው በር ሥር ባለው መወጣጫ ላይ ረስቶ ሞተሩን ሊያስነሣ ገባ። አበራሽ አየችው።

ልጆች፣ ፈተና ሁልጊዜ አስፈሪ ፊት ይዞ አይመጣም። አንዳንዴ ደግ ምክንያት ተሸክሞ ይመጣል። አበራሽንም "ለአባትሽ እኮ ነው! ደግሞስ እነሱ አገር ወስደው የለ? አንድ መፍቻ ብትወስጂ ምን አለበት?" አላት። እሷም መፍቻውን ከቀሚሷ ሥር ሸሸገችው። ሮጣም ዶሮዋ ከምትታቀፍበት ቅርጫት፣ ከገለባው ሥር ከተተችው። ምስኪኗ ዶሮ እንቁላሏንም ብረቱንም ታቅፋ ዋለች!

አበራሽ "ከመንገድ አገኘሁት" ብላ ለአባቷ ልትሰጥ አስባ ነበር። ማታ ግን ቤተሰቡ ለጸሎት ሲቆም፣ "በደላችንን ይቅር በለን" ከሚለው ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ።

በማግሥቱ ሾፌሩ ወታደሮችና አስተርጓሚ አስከትሎ መጣ። ጣቱን ወናፉ አጠገብ ወደ ነበሩት ጋሼ ነጅሙዲን ቀሰረ።

"ትናንት ከመኪናው አጠገብ የነበረው ይህ ሰውዬ ነው። ሌባው እሱ ነው ይላል" አለ አስተርጓሚው።

"ወላሂ አልነካሁም!" አሉ ጋሼ ነጅሙዲን። "እጄ ከወናፉ አልተለየም።"

ወታደሮቹ ግን አልሰሟቸውም። እጃቸውን የፊጥኝ አሰሯቸው። በዚያ ዘመን ታስሮ ከሄደው ብዙው አይመለስም ነበር። ሐምዲያ "አባቴን! አባቴን!" እያለች እግራቸው ላይ ተጠመጠመች።

አበራሽ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር ምን እንደሚያደርጓት እግዚአብሔር ይወቅ። የሐምዲያን ልቅሶ ግን ጆሮዋ ሊችለው አልቻለም።

"እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። "ጋሼ ነጅሙዲንን ፍቷቸው! የወሰድኩት እኔ ነኝ!"

ሮጣ ሄዳ መፍቻውን ገለባ እንደለበሰ አምጥታ ለሾፌሩ ሰጠችው። አንዱ ወታደር አለንጋውን አነሣ። አቶ ወልደማርያም ልጃቸውን ከኋላቸው ሸሸጓት።

"ያሳደግኋት እኔ ነኝ" አሉ። "ቅጣቱም የእኔ ነው።"

አለንጋው ጀርባቸው ላይ ደጋግሞ አረፈ። አቶ ወልደማርያም ከንፈራቸውን ነክሰው ቆሙ። በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱ ፊቱን አዞረና የወታደሩን እጅ ያዘ። ጋሼ ነጅሙዲንን ፈትተው ሄዱ።

"አባዬ፣ እነሱ አገራችንን ወስደዋል ብዬ እኮ ነው" አለች አበራሽ እያነባች። "እጅዎ እንዳይላጥ ብዬ ነው።"

"ልጄ፣ የእነሱ ኃጢአት የራሳቸው ነው። እኛ ግን ቤታችንን በስርቆት ዕቃ አንሞላውም። የተላጠ ጣት ይድናል። ነጅሙዲንን ገድለውት ቢሆን በምን እንመልሰው ነበር?"

አበራሽ ከግቢው ድንጋይ አነሣች። እንደ አባቶች የእርቅ ወግ በጫንቃዋ ተሸክማ ከጋሼ ነጅሙዲን ደጃፍ ሄደች። አንገቷን ደፍታ ቆመች።

"ጋሼ፣ በድዬዎታለሁ። ስለ ፈጣሪ ብለው ይማሩኝ።"

ጋሼ ነጅሙዲን ገመድ የበላውን እጃቸውን እያሻሹ ወጡ። ድንጋዩን ከጫንቃዋ አወረዱላት።

"አፉ ብያለሁ ልጄ፣ አላህም ይማርሽ። ዝም ብትዪ ማን ያውቅብሽ ነበር? እኔን ለማዳን የተናገረ አፍሽ ይባረክ!" አሏት።

ሐምዲያ ግን ቶሎ አልታረቀቻትም። ብዙ ቀን ፊቷን አዞረችባት። አበራሽም አላጉረመረመችም። ክረምቱ ሲቃረብ ጎርፍ ጋራዡን እንዳይወስደው የድንጋይ ካብ መሥራት ነበረባቸውና፣ ለብቻዋ ድንጋይ ታመላልስ ጀመር። አንድ ጠዋት ከትልቅ ድንጋይ ጋር ስትታገል ሐምዲያ መጣችና በአንድ ወገን ያዘችላት።

"ለብቻሽ አትችዪውም" አለቻት።

ያን ቀን እስኪመሽ አብረው ካቡ። አቶ ወልደማርያም የልጆቹን ሥራ ዞረው አዩ። ከዚያም "አበራሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጋራዡን አንቺ ትጠብቂልኛለሽ፤ አምኜሻለሁ" አሏት። በሕይወቷ ከዚያ የበለጠ ስጦታ አግኝታ አታውቅም።

ልጆች፣ ለምንወደው ሰው ብለን ብንሰርቅም ስርቆት ያው ኃጢአት ነው፤ በደሉን አምኖ የሚናገረውን ግን እግዚአብሔር ይቅር ይለዋል፣ ሰውም መልሶ ያምነዋል።