በሁዳዴ የተቀባው ቆልማማ

ኢንስፔክተር በዛች ለምስክርነት ከሄደችበት ከአቀስታ በጠዋቱ ሚኒባስ ስትመለስ፣ መካነ ሰላም መነኻሪያ ላይ እንደምን አደርሽ ያላት ሰው አልነበረም። የሥራ ባልደረባዋ ሁዜይፋ ብቻ ፊቱን አጨፍግጎ ይጠብቃት ነበር።

«መምህር ወልደ ሚካኤል ሞቱ» አላት። «ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከሰንጢዎቻቸው መካከል እንደተቀመጡ ታርደው ተገኙ። ገዳዩም ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«ሕዝቡ።»

«ሕዝቡ ከያዘው እኔን ለምን ፈለጋችሁኝ?»

ሁዜይፋ ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የያዙት ብረታ ብረት ነጋዴውን አሕመድኑርን ነው። ቀብሩ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ከቀብር ሲመለሱ ቤቱን ሊያቃጥሉት ተማክረዋል። ሚስቱና ልጁ ፈይዛ እቤት ናቸው፤ አንወጣም ብለዋል።»

በዛች ሰማዩን አየች። ቅዳሴ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሆዱ ባዶ፣ አፉ መራራ ሆኖ ነበር የሚውለው። በሰላሙ ጊዜ ይህ መገጣጠም ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተዛዝናል። አሁን ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ።

ጣቢያው በር ላይ የተሰበሰቡት ወጣቶች መንገድ የለቀቁላት እያጉረመረሙ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰንጢ አስቀምጠውላታል። የአገሬው ሰው ቆልማማ የሚለው ነው፤ እጀታው የበግ ቀንድ፣ ስለቱ እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ የጎበጠ። የድሮ ሰዎች ጠፍር ሲተለትሉበት፣ ልጥ ሲልጡበት ኖረዋል። ሠሪዎቹ አልቀው ሰንጢው ከገበያ ሲጠፋ፣ ጡረተኛው መምህር ወልደ ሚካኤል ከወግዲ፣ ከደጎሎ፣ ከየገጠሩ እያስፈለጉ ሰበሰቡት። ዋናው ፈላጊያቸውም አሕመድኑር ነበር።

«ከአስከሬኑ እግር ሥር ነው የተገኘው» አለ አንዱ ፖሊስ። «ሞራ እንደተቀባ ነው። በሁዳዴ ሰንጢውን ሞራ የሚቀባ እሱ እንጂ ማን አለ? ደግሞ ከትናንት ወዲያ እንዲህ ያለውን ቆልማማ ይዞ ወደ መምህር ቤት ሲገባ ገበያተኛው ሁሉ አይቶታል።»

በዛች ሰንጢውን አንስታ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። የስለቱ ጀርባና ማጠፊያው ላይ ነጭ ነገር ረግቷል። በአውራ ጣቷ ነካ ስታደርገው ወዲያው ቀለጠ። አሸተተችው፤ ምንም አይሸትም። ከሥሩ የደረቀ ደም አለ። የገረማት ግን ከላይም በኩል፣ ነጩ ነገር ላይ፣ ቀጭን የደም መስመር መኖሩ ነው። ማጠፊያውን በክብሪት እንጨት ስትፈለፍለው ደግሞ እንጨቱ ቢጫ ዘይት ይዞ ወጣ።

አሕመድኑር ከታሰረበት ክፍል ሲያመጡት ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ሽበታም ነው፤ በዛች ተነስታ ወንበር ሰጠችው።

«ይህ ሰንጢ የእርስዎ ነው?»

«ወላሂ አይደለም፣ ልጄ። ይመስለዋል እንጂ አይደለም። እኔ የወሰድኩላቸው ቀንዱ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ይኼ ወደ ግራ ነው።»

«ያንን ከየት አገኙት?»

«ከወግዲ። ባሏን የገደሉባት አንዲት ባልቴት ናት የሸጠችልኝ። ሬሳው አጠገብ ወድቆ የተገኘ ሰንጢ ነው አለችኝ። ‹ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ካገኘህ ንገረኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት እሱን ነው› አለችኝ። ይህን ለመምህር ስነግራቸው ላብ አጠመቃቸው። ‹እዚሁ ተወው፣ አሕመድኑር። ለማንም እንዳትናገር፤ የባልቴቲቱን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ› አሉኝ። ትቼው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።»

«ይህን ለያዙዎት ሰዎች ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? ዱላ እንጂ ጥያቄ አላየሁ።»

«ሰንጢዎችዎን በምን ይቀባሉ?»

«በበግ ሞራ። መምህርም እንደኔው በሞራ ነበር የሚቀቡት። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሁሉንም ጠርገው በቅባኑግ ይለውጡታል። ‹አንተ ቀባጣሪ፣ ብረቴን እንኳ ልታስገድፍብኝ ነው?› እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።» አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

የመምህሩ ቤት ግቢ በለቀስተኛ ተሞልቷል። በዛች የሰንጢዎቹን ክፍል አስከፈተች። ግድግዳው ላይ በየሚስማሩ ቆልማማ ተሰቅሏል፤ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ሚስማር ብቻ ባዶ ነው። ወንበሩ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቷል። ሽማግሌው ከኋላቸው የሚቆመውን ሰው ሳይፈሩ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው።

ከጓሮ ክፍል የተከራየችው ቅቤ ነጋዴዋ የዓለምዘርፍ እጆቿ እስከ አንጓቸው ቅቤ እንደሆኑ መጣች። በጾም የቅቤ ዋጋ ይረክሳል፤ እሷም ለፋሲካ ታከማቻለች።

«እኔን ጠርጥረሽ ነው?» አለች ገና ከበሩ።

«ሁሉንም እጠረጥራለሁ። ይህ ባዶ ሚስማር የምን ነው?»

«የአባታቸው ሰንጢ ነው የሚሰቀልበት። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት እሱን ነበር።»

«ወጥ ቤታቸውን ማን ይጠቀምበታል?»

«እሳቸው ብቻ። ሽሮና ዘይት ነው ያላቸው፤ ቅቤዬን እንኳ በዚያ በኩል አላሳልፍም፤ ይቆጡኛል።» እንባዋ መጣና በክንዷ ጠረገችው። «ያን ነፍሰ ገዳይ ለምን ታስቀምጡታላችሁ?»

ሌላው ሰንጢ ሰብሳቢ፣ ባለሆቴሉ በእውቀቱ፣ በዛችን የተቀበላት ጥብስ ፊቱ አድርጎ ነው። በሁዳዴ ዓርብ ሥጋ የሚበላ ክርስቲያን በከተማው አንድ እሱ ነው፤ አይደበቅም።

«ጾመኛ ነሽ? ይቅርታ» አለና ጉርሻውን ቀጠለ። «ከወልደ ሚካኤል ጋር ተዋደን አናውቅም። የአባቱን ቆልማማ ስንት ጊዜ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። ጥንድ ነበር ይባላል፤ የአንድ በግ ሁለቱ ቀንዶች። ሁለተኛውን አገር ላገር ዞሬ አጣሁት።»

«ሁለተኛው የማን ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ? የቤተሰቡ ሚስጥር ነው። ትናንት የት ነበርክ እንዳትዪኝ፤ እዚሁ ነበርኩ፤ ምስክሬ ግን የገዛ አስተናጋጄ ስለሆነ አታምኚኝም።»

«አላምንህም» አለችው በዛች፤ ወጣች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ ያለው በድንኳኑ መካከል በጋቢ ተጀቡኖ ተቀምጧል። የሰበካው ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሁዳዴን አንድ ቀን አልፈታም ይባልለታል፤ እሱም ይህ ሲባል ይወዳል። ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውምና ከትናንት ጀምሮ ግራና ቀኝ ሰው አለው። ወደ ጓሮ ሲሄድ እንኳ ሁለት ሰዎች ደግፈውት ይሄዳሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብላ እጇን ዘረጋችለት። አቶ ያለው ከጋቢው ሥር የግራ እጁን አወጣላት።

«ፍርድ ፍለጋ እዚህ አትምጪ» አላት። «ፍርዱን ሕዝቡ ፈርዶታል። የወንድሜን ደም የምታንጓጥጪ ከሆነ አንቺም ከእነሱ ጋር ትቆጠሪያለሽ።»

«ቀኝ እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ቆርቆሮ ቆረጠኝ። ምን አገባሽ?»

ለቀስተኛው አጉረመረመ። አንዲት ሴት «ውጪልን!» ብላ ጮኸችባት። በዛች ወጥታ ሁዜይፋን ወደ ሉካንዳ ላከችው፤ ቀጥሎ አራቱም ሰዎች ወደ ሰንጢዎቹ ክፍል እንዲመጡ አዘዘች። አሕመድኑር በፖሊስ ታጅቦ ሲገባ ድንጋይ ተወረወረና የበሩን መቃን መታው። ወጣቶቹ መስኮቱን ከበቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስኪሰማ ነው የሚጠብቁት።

በዛች ጠረጴዛው ላይ ገዳዩን ሰንጢ አኖረች። አጠገቡ ከግድግዳው ያወረደችውን ሌላ ቆልማማና በወረቀት የተቀመጠ የበግ ሞራ አስቀመጠች። መስኮቱንም ራሷ ከፈተችው።

«እናንተም ስሙ፤ ኋላ አልሰማንም እንዳትሉ» አለቻቸው። «ይህ ሰንጢ የአሕመድኑር አይደለም። ማጠፊያው ውስጥ ቅባኑግ አለ። በሁዳዴ ብረቱን ቅባኑግ የሚያጠጣው ሟቹ ነው። ቀንዱም ወደ ግራ ይዞራል። የዓለምዘርፍ፣ የዚያ ሚስማር ሰንጢ ይህ አይደለም?»

የዓለምዘርፍ ጎንበስ ብላ አየችው። «እሱ ራሱ ነው! የአባታቸው ነው!»

«ታዲያ ሞራው?» አለ ከመስኮቱ አንዱ።

«ነጩ ነገር ከደሙ በላይ ነው ያለው። መምህር ከሞቱ በኋላ ነው የተቀባው፤ የአሕመድኑር እንዲመስል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ግን ሞራ አይደለም። ሞራ በጣት ሙቀት እንዲህ ቶሎ አይሟሟም፤ ይሸታልም። ቅቤም ቢሆን ይሸታል። እኔ አቀስታ ብርድ ላይ ነው ያደግሁት፤ የሚረጋ ዘይት ጠዋት ጠዋት በማንኪያ እየተቆረሰ ሲወጣ አይቻለሁ። ይህ ከመምህር ወጥ ቤት የተወሰደ የረጋ ዘይት ነው።»

በእውቀቱ ሳቀ። «ሞራ ለማስመሰል የፈለገ ሰው ሞራ አይቀባም?»

«እኔም ሌላ አልጠየቅሁም» አለች በዛች። «እስኪ ይህን ሞራ እያነሳችሁ ይቺን ከግድግዳ ያወረድኳትን ሰንጢ ቀቡልኝ።»

በእውቀቱ ትከሻውን ነቅንቆ የእጀታውን ቀለበት አዞረ፤ ከቀባም በኋላ መልሶ ፈታው። አሕመድኑር፣ እንደለመደው፣ ቀለበቱን አዙሮ በተሰንጣጠቀ ጣቱ ጥቂት ብቻ ወስዶ ማጠፊያውን ዳሰሰ። የዓለምዘርፍ «እኔ ጾሙን በአፌ እንጂ በእጄ ብጾመው ልጆቼ በምን ይበላሉ?» ብላ ሳታመነታ ነካችው።

«አቶ ያለው?»

ያለው ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። «በሁዳዴ ሞራ አልነካም። አታረክሺኝም!»

በመስኮቱ ያሉት ወጣቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

«አይነኩም» አለች በዛች። «ትናንትም አልነኩም። አሕመድኑር ቢሆን ሞራው በኪሱ ነው። በእውቀቱ ቢሆን ማጀቱ ጮማ ነው። የዓለምዘርፍ ብትሆን እጇ ላይ ያለው ቅቤ ይበቃት ነበር፤ የግቢው ቅቤም አሥር እርምጃ አይርቅም። ዘይት ፈልጎ የቀባው ጾም እንዳይሻርበት የፈራ ሰው ብቻ ነው።»

«ይኼ ማስረጃ ነው?» አለ ያለው፤ ድምፁ ግን ሰለለ።

«ገና አልጨረስኩም። ቆልማማ ሞላ የለውም። እጀታው ላይ ያለውን ቀለበት ካላዞሩት ጀርባውን ሲጫኑት ይታጠፋል። ሲያርዱበት አይታጠፍም፤ ስለቱ ነው የሚሠራው። ጀርባውን ዘይት ሲቀቡት ግን ጣት ይነክሳል። አሕመድኑርና በእውቀቱ ሲቀቡ ቀድመው ቀለበቱን አዞሩ፤ አያችኋቸው። የዓለምዘርፍ ያገኘችው ዞሮላት ነው፤ እጆቿም ምንም ጭረት የላቸውም። ዘይቱ ላይ ያለው ደም የቀቢው ደም ነው። ቀኝ እጅዎን ያውጡ።»

አላወጣም። ሁዜይፋ ጋቢውን ገለጠው። የአራቱ ጣቶች ውስጠኛ ገጽ በአንድ መስመር ተሰንጥቋል።

«ቆርቆሮ እንዲህ ይቆርጣል?» አለች በዛች። «አሁን የቀረው ሁለተኛው ቀንድ ነው። የዓለምዘርፍ፣ የዚህ ጥንድ ለማን ነበር የተሰጠው?»

የዓለምዘርፍ አፏን በእጇ ያዘች። «ለ… ለያለው። ‹ወንድሜ ጥሎት ጠፋ› ይሉ ነበር መምህር።»

«የጠፋው ወግዲ፣ የሰው ሬሳ አጠገብ ነው። አሕመድኑር ሳያውቅ አመጣው፤ ሽማግሌው ሲያዩት አወቁት። ሰንጢው ከትናንት ጀምሮ አንድ ቦታ ብቻ ነው ሊኖር የሚችለው፤ ሐዘንተኛን ለአፍታ እንኳ ብቻውን የሚተወው የለምና የሚጥልበት ጊዜ አላገኘም። ሁዜይፋ፣ ኮቱን ፈትሽ።»

ሁዜይፋ ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ቆልማማ አወጣ። ቀንዱ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል።

አቶ ያለው ሄዶ ወንድሙ በሞተበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ሽማግሌ ልላክ አለኝ» አለ። «ደሙን አስታርቀን ኃጢአትህን ንስሐ ግባበት አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ! ልጆቼን በነፍሰ ገዳይ ስም ሊያስጠራቸው!»

በዛች እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ስትለው ነበር። አሁን ግን አንተ አለችው። «ወንድምህን አርደህ፣ ደሙ ሳይደርቅ ወጥ ቤቱ ገብተህ ዘይቱን መረጥክ?»

ያለው ቀና ብሎ አያት። የምትለው የገባው አይመስልም። «ሁዳዴን ፈትቼ አላውቅም» አላት፤ ከልቡ ነበር።

ደወሉ ተደወለ። አቶ ያለውን በጓሮ በኩል ወሰዱት። በመስኮቱ ያሉት ወጣቶች እርስ በርስ አልተያዩም፤ አሕመድኑርን ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም። እንዲያውም አንዱ «ምን ይሁን፣ ሰንጢውን ያመጣው እሱ ነው» ሲል በዛች ሰማችው።

«ሰው ይዞዎት እቤትዎ ያድርስዎት» አለችው አሕመድኑርን። «ፈይዛ እየጠበቀችዎት ነው።»

«ቤቴ የትም አይሄድም» አላት።

ቃሬዛው ከግቢ ሲወጣ አሕመድኑር ከሰው መካከል ገብቶ ወደ ፊት ሄደ። ከፊት የቀኙን እንጨት የተሸከመው፣ ትናንት ከንፈሩን የሰነጠቀው ወጣት ነው። ሰልፉ ቆመ። በዛች እጇን ወገቧ ላይ ወዳለው ሽጉጥ ላከች።

«ወዲያ በል» አለው አሕመድኑር። «ልሸከማቸው።»

ወጣቱ ዙሪያውን አየ። ማንም አላገዘውም፤ ማንም አልከለከለውም። እንጨቱን ከትከሻው አውርዶ ለቀቀለት።