የታሸገ ትንፋሽ

"ትንፋሽሽን ያዢ" አለችኝ መብሩካ፣ በሹክሹክታ።

እኔ ደግሞ በምሳዬ ነጭ ሽንኩርት የምታሾፍ መስሎኝ፣ የሷም ቃሪያ ከሩቅ እንደሚጣራ ነገርኳት።

አልሳቀችም።

ይህ በዓይኔ ያየሁት ነው። የማያምነኝ ቱኒዚያ፣ ቶዘር ከተማ ድረስ መጥቶ የሰፈራችንን ሰው ይጠይቅ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ቴምር በምናሽግበት አዳራሽ ውስጥ። ለሰይጣን እንኳ የማይመች ሰዓት...

መብሩካ ጎረቤቴ ናት። ሥራዋ መሣሪያው ጋ መቆም ነው። መሣሪያው በሳጥኑ ስስ ላስቲክ በኩል ጨረር አሳልፎ፣ ሳይከፈት፣ ውስጡ ከመቶ ስንት ኦክስጅን እንደቀረ ይናገራል። ትል እንዳይኖርበት አየሩን አስወጥተን ናይትሮጅን ስለምንሞላው፣ ቁጥሩ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም።

ያ ሳጥን ግን... ሃያ አንድ አለ፣ ልክ እንደምንተነፍሰው አየር።

ተበስቶ ይሆናል አልኳት። በአገጯ ወደ ቁጥሩ አሳየችኝ።

አሥራ ሰባት... ሃያ አንድ... አሥራ ሰባት...

የተበሳ ሳጥን አየር ያስገባል። መልሶ አያወጣም።

አንስታ ሌላ አስቀመጠች። ዜሮ። ያንኑ መለሰችው። ሃያ አንድ... አሥራ ሰባት...

እንዳዘዘችኝ ትንፋሼን ያዝኩ። ቁጥሩ ቀጠለ።

ቀጥሎ እሷ ያዘች።

ቁጥሩ ቆመ።

ለቀቀችው። ተንቀሳቀሰ።

"የኔ ነው" አለች።

ልስቅ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ። ቁጥሩ አሁን ሃያ አንድ መድረስ አቅቶታል። አሥራ ዘጠኝ... አሥራ ስድስት... የመብሩካ ከንፈር ጠቆረ። ዳገት እንደወጣ ሰው ትከሻዋ ይነሳል፣ ይወድቃል። ውጭ የጭነት መኪናው ጥሩንባውን ይነፋል። ከዛሬው ጭነት የቀረው ይኸው ሳጥን ብቻ ነው።

አለቃችን ሲ ላዝሃር መጣ፤ "ሲ" እኛ ጋ "አቶ" እንደማለት ነው። ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ክፋት የለውም፣ የታሸገ ሲከፈት ማየት ግን አይወድም። ባለፈው መብሩካ ጠርጥራ አንዱን ቀድዳ፣ ደህና ቴምር ተገኝቶ፣ ብትደግሚ ከሥራ ወጣሽ ብሏታል። ቤቷ ውስጥ ደግሞ ደሞዝ የምታስገባው እሷ ብቻ ናት።

ሳጥኑን እንድትሰጠው እጁን ዘረጋ።

"ሲ ላዝሃር... እዚህ ውስጥ ሆኜ ከተጫንኩ..."

አልጨረሰችውም። ትንፋሽ አጠራት።

መቁረጫውን አንስታ ላስቲኩን ቀደደችው።

ፍስስ... አለ።

ውስጡ የሚያብረቀርቅ ቴምር ብቻ። መብሩካ ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው አየር ሳበች። ወደ ከንፈሯ ደም ተመለሰ።

ሲ ላዝሃር ድምፁን እንኳ ሳያነሳ አሰናበታት። እሷም ሽርጧን ፈትታ፣ አጥፋ አስቀመጠች።

እሱ መሣሪያው መበላሸቱን ሊያሳየኝ ከነገው ጭነት አንድ ሳጥን አንስቶ ከጨረሩ ሥር አደረገው።

ሃያ አንድ... አሥራ ሰባት...

"ይኸው፣ ሞቷል መሣሪያው" አለና ሳቀ።

ቁጥሩ ከሳቁ ጋር ተንቀጠቀጠ።

ሳቁን አቆመ። ትንፋሹንም ዋጠ።

ቁጥሩ ቆመ።

እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ... ሊነካው ሲል መለሰው። ትንፋሹን ለቀቅ ሲያደርግ ቁጥሩ እንደገና መውጣትና መውረድ ጀመረ። አሁን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ነው።

"መብሩካ" አለ፣ በሹክሹክታ። "ክፈቺልኝ።"

በሩ ጋ ቆማ ሻርፗን እያሰረች ነበር።

"እኔ እኮ ተባርሬያለሁ፣ ሲ ላዝሃር።"