ከሐሙስ እስከ እሁድ የጎደሉት ክኒኖች

ነርስ ትርሓስ ፈርማ የሰጠችው ቃል እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ ተናኜ ቢጫውን ክኒን በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ጧት ብቻ፣ ስድስት ፍሬ እንዲወስዱ ነገርኳቸው። በሌላ ቀን እንዳይነኩት ልጃቸው ባለችበት አስጠነቀቅሁ።»

የሟች ልጅ ሽሎሚት ፈርማ የሰጠችው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ነርሷ እናቴን በየቀኑ ውሰጂ ነው ያለቻት። እናቴን የገደለቻት እሷ ናት።»

ማንአለብሽ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታ ሁለት ጊዜ አነበበቻቸው። ሃያ ሁለት ዓመት በነርስነት ሠርታ አሁን የታካሚዎችን አቤቱታ የምትመረምር ሴት ናት። ከሁለቱ አንዷ ዋሽታለች። የሽሎሚት ቃል ከጸደቀ ትርሓስ የሥራ ፈቃዷን ትነጠቃለች፤ ፍርድ ቤትም ይጠብቃታል።

ወይዘሮ ተናኜ ሪህ ጣቶቻቸውን ያጣመመባቸው የሰባ አንድ ዓመት ሴት ነበሩ። አዲሱን መድኃኒት በጀመሩ በአሥራ ስምንተኛው ቀን አፋቸው ቆስሎ፣ ትኩሳት ጥሏቸው ሆስፒታል ገቡ። በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ከመጠን በላይ እንደገባባቸው አረጋግጠዋል።

«አንቺም ገዳይ ነሽ ልትይኝ ነው የመጣሽው?» አለች ትርሓስ፣ ሀዳር ሰፈር በሚገኘው ክሊኒኳ በር ላይ ቆማ።

«መጀመሪያ ወንበር ስጪኝ፤ ቆሜ ሰው አልከስም።»

ትርሓስ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባ ቀደማት። ማንአለብሽ እንዳላየች ሆነች። ከሟች ቤት የመጣውን ብርቱካናማ የክኒን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በውስጡ ያለው ከውጭ ይታያል።

«አርባ ስምንት ፍሬ ነበር። ሦስት እሁድ ቢወስዱ ሠላሳ ሊተርፍ ይገባል። ያለው ስድስት ነው። ይህ ክዳን ደግሞ ካልተጫኑት አይከፈትም። ለእንደዚያ ያለ ጣት ይሰጣል?»

«የሌሎቹን መድኃኒቶች ክዳን በቀላሉ በሚከፈት ቀየርኩላቸው። የዚህን ሆን ብዬ ተውኩት። ሲበዛ ይገድላል፤ ብቻቸውን ሆነው እንዳይከፍቱት ነው።»

«ታዲያ እሁድ እሁድ ማን ይከፍትላቸዋል?»

«ሜታፔሌቷ፣ የቤት ለቤት አስታማሚያቸው ፍሬህይወት። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ቤታቸው እየሄደች ትረዳቸው ነበር። እሁድ ጧት ክኒኑን ከመስጠቷ በፊት፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ አስተኝታቸው ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት፣ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግታ ፎቶ ትልክልኛለች። እብጠቱን ከዚያ ነው የምከታተለው።»

«ፎቶዎቹን ላኪልኝ» አለች ማንአለብሽ።

ከቀትር በኋላ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ወደሚገኘው የሟች ቤት ወጣች። ፍሬህይወት የሟችን ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«በይ እኔን ጠርጥሪ እንጂ! ሜታፔሌት ስትሆኝ የጠፋ ማንኪያ ሁሉ ባንቺ ይላከካል።»

«ማንኪያ አልጠፋም። ሃያ አራት ክኒን ነው የጠፋው። ሲጎድል አላየሽም?»

«ስድስት ቆጥሬ አወጣለሁ፤ የቀረውን ማን ይቆጥራል? ከእሁድ ሌላ እጄ አልነካውም። ቅዳሜማ ራሳቸውም አይነኩት። በሰንበት ቀን የራስ ምታት ክኒን እንኳ አይቀምሱም ነበር።»

ሽሎሚት ከምትኖርበት ከክርያት ሐይም ደርሳ ጃኬቷን ሳታወልቅ ጀመረች። «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ቤሰደር፣ እሺ? ደግሜ አልናገርም።»

«ቃልሽን አልጠይቅሽም። ዓርብ ዓርብ የት ነው የምትውዪው?»

«ፋብሪካ። ከንጋት እስከ ሰንበት መግቢያ። ካላመንሽ የሥራ ካርዴን እዪ። ሰንበት ከገባ ደግሞ መኪና አልነዳም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ማንአለብሽ ካርዱን አይታ ወደ ሟች ባል፣ ወደ አባ ውድነህ ዞረች። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ከዘራቸውን ያሻሹ ነበር።

«አባ ውድነህ፣ አንቱስ መድኃኒቱን ሰጥተዋቸው ያውቃሉ?»

«ክኒን የሴቶቹ ጉዳይ ነው፤ ነክቼውም አላውቅ» አሉና ፊታቸው ትንሽ በራ። «ግን ተሽሏት ነበር እኮ ልጄ! መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው ሰንበት ሻሿን በገዛ እጇ አሰረች። እኔ ነበርሁ ዓመት ሙሉ የማስርላት።»

ማንአለብሽ ያን ማታ ፎቶዎቹን አሳድጋ ተመለከተች። ጣቶቹን አልነበረም የምታየው።

በማግስቱ ሁሉም በሟች ሳሎን ተሰበሰቡ። ትርሓስ በር አጠገብ ተቀመጠች፤ ሽሎሚት ጀርባዋን ሰጠቻት።

«በሐሰቱ ቃል ልጀምር» አለች ማንአለብሽ። «ሽሎሚት፣ እናትሽ በየቀኑ ስድስት ወስደው ቢሆን ብልቃጡ በስምንተኛው ቀን ባዶ ይሆን ነበር። በሦስተኛው እሁድ ግን ክኒን ነበረበት፤ ፎቶው ይኸው።»

ስልኳን አዞረች። ከተጣመሙት ጣቶች አጠገብ ብርቱካናማው ብልቃጥ ቆሟል።

«ትርሓስ የምታየው ጣቶቹን ነው። እኔ ያየሁት ብልቃጡን ነው። ሐሙስ ፍሬህይወት ስትሄድ ክኒኑ እዚህ ድረስ ነው። እሁድ ስትመለስ፣ ገና ሳትከፍተው፣ ወደ ታች ወርዷል። በሁለቱም ሳምንት እንደዚሁ። የጎደለው ፍሬህይወት በሌለችበት ነው።»

«ተመስገን!» አለች ፍሬህይወት።

«ቅዳሜ አልተወሰደም፤ ሰንበት ነው። ዓርብ ብቻ ቀረ። ሁለት ዓርብ፣ በያንዳንዱ አሥራ ሁለት፤ ሃያ አራት ሞላ። ሽሎሚት ዓርብ ፋብሪካ ናት፤ ካርዷን አይቻለሁ። የሟች ጣት ክዳኑን አይከፍትም።» ብልቃጡን አወጣችና ለሽማግሌው አቀበለቻቸው። «አባ ውድነህ፣ እስቲ ይክፈቱልኝ።»

አባ ውድነህ ሳያስቡት ብልቃጡን ጉልበታቸው ላይ አቆሙ፤ በመዳፋቸው ጫን አድርገው አዞሩት። ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን እጃቸው ላይ እንዳረፈ አዩ።

«ነክተውት ለማያውቁ» አለች ማንአለብሽ ዝግ ብላ፣ «አከፋፈቱን በደንብ ያውቁታል።»

«ተይው!» ሽሎሚት ከመቀመጫዋ ተነሣች። «አባቴን ተይው አልኩሽ!»

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ አባ ውድነህ። «ፍሬህይወት ስትከፍት አይቼ ነው የተማርሁት። ተናኜ እሁድ ያንን ስትወስድ ደህና የሆነች መሰለኝ፤ ሰንበትን ግን ሁልጊዜ በሕመም ነበር የምትውለው። ሰንበትን እያቃሰቱ መዋል አይከብድም? ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የዓርቡንም የሰንበቱንም ባንድ ላይ ሰጠኋት፤ እሷም ከኔ እጅ የመጣን አትጠይቅም። እጇም ተፍታታ። እኔስ አዳንኋት ብዬ ነበር።»

ማንአለብሽ ይህ መድኃኒት በአንድ ቀን እንደማያሽል፣ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የእሁዱ ስድስት ፍሬ ብቻውን መሥራት ጀምሮ እንደነበር ታውቃለች። ሽማግሌውን ግን በዚህ ልታቆስላቸው አልፈለገችም።

ሽሎሚት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አባቴ ዓርብ እንደሰጣት ሆስፒታል ውስጥ ነገረኝ። ነርሷ ያለችውን በደንብ ሰምቻለሁ፤ በሳምንት አንዴ ነው ያለችው። እሷ ሌላ ሥራ ታገኛለች አልኩ። አባቴን ግን ሰው ሚስቱን ገደለ ሲለው እንዴት እሰማለሁ?»

ሁሉም ትርሓስን ተመለከቱ፤ ስትጮህ ሊሰሙ ነበር የጠበቁት። እሷ ግን ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አቀረበች።

«አባ ውድነህ፣ ስለዚህ መድኃኒት የነገረዎት ሰው አለ?»

«ማን ይነግረኛል? እሷና ሽሎሚት ይገባሉ፤ እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ነበር የምቀመጥ።»

ማንአለብሽ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። «ትርሓስ፣ ትእዛዝሽ ትክክል ነበር። ሪፖርቱን እዚህ ላይ ልዘጋው እችላለሁ፤ ፈቃድሽን የሚነካ የለም።»

«አትዝጊው» አለች ትርሓስ። «ለልጃቸው ነገርኩ፣ ለሜታፔሌቷ ነገርኩ። አብረዋቸው ለሚያድሩት ሰው ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ብልቃጡም በየሳምንቱ በፎቶዎቹ ላይ ዓይኔ ሥር ነበር።»

«ይህን ካልሽ ፈቃድሽ እንደገና ጥያቄ ውስጥ ይገባል።»

«ይግባ። የኔም ጥፋት ከሳቸው ጎን ይጻፍ። እሁድ አቤቱታውን የሚያየው ኮሚቴ ፊት ከአባ ውድነህ ጋር እገባለሁ፤ ቀድሜ የምናገረውም እኔ ነኝ።»