መሄዱ ካልቀረ

ሰው ጎረቤቱ ገበያ ሲሄድ ካየ «መሄድህ ካልቀረ ጨው ግዛልኝ» ይላል። የእኛ መንደር ወንዶች ግን መሄድህ ካልቀረ ብለው ለመንገደኛ የሰጡት ድምፃቸውን ነው። ይህን ስናገር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በእኛ በሊችተንሽታይን ሕዝቡ የምክር ቤት እንደራሴዎችን በቀጥታ አይመርጥም። እያንዳንዱ መንደር መራጮችን ይመርጣል፤ መራጮቹ ደግሞ ቫዱዝ ከተማ ተሰብስበው እንደራሴዎቹን ይመርጣሉ። እኛ ሴቶች በሁለቱም የለንበትም። ስለዚህ የምችለው ባሌን አሎይስን መለመን ብቻ ነበር። ከማሳችን በላይ ያለው የራይን ወንዝ ግድብ ተሰንጥቋል፤ ይታደስ ብሎ የሚከራከር ደግሞ ኡርባን የሚባል አንድ እጩ ብቻ ነው።

«እባካችሁ ኡርባንን የሚመርጥ ሰው ላኩ» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! እኛ መራጩን እንጂ እንደራሴውን መቼ መረጥን?» አለኝ ጫማውን እያሰረ። «ማይንራድ ይሂድ ተባብለናል። እህቱን ሊጠይቅ ቫዱዝ መሄዱ ላይቀር፣ በዚህ በአጨዳ ወቅት ማን ሥራ ይፈታል?»

«ማይንራድ? የራሱን ላም እንኳ መርጦ መግዛት የማያውቀው?»

«እግር አለው፤ ይበቃል!»

መንደሩ እየሳቀ መረጠው።

ማይንራድ ቫዱዝ ደርሶ አዳራሹ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው «ማንን ልጻፍ?» ብሎ ጠየቀ፤ የተነገረውንም ስም ጻፈ። ኡርባን በአንድ ድምፅ ተበልጦ ወደቀ። ይህን ያጫወተን ራሱ ማይንራድ ነው፤ እኛም ሳቅን።

እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ? በዓመቱ የተራራው በረዶ ሲቀልጥ ራይን ግድቡን ጥሶ ገባ። የበቆሎ ማሳችን ድንጋይና አሸዋ ሆኖ ቀረ። በረት ውስጥ የታሰረችውን ላማችንን ለመፍታት አልደረስንም፤ ጩኸቷ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ልጆቼ ያን ዓመት የሰው ድንች እየለመኑ በሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ማይንራድን ከበቡት። «አንተ የማትረባ! ጉድ ሠራኸን!» እያሉ ይጮሁበታል። ከሁሉም በላይ የሚጮኸው የእኔው አሎይስ ነበር። አላስቻለኝም፤ መሐላቸው ገባሁ።

«ተዉት! ምን አጠፋ? እህቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ላካችሁ፤ እህቱን ጠይቆ መጣ! ላኪዎቹ እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

አሎይስ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ወገኖቼ፣ መራጭን መምረጥ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። ድምፅ በሰው እጅ ሲያልፍ ይበልጥ ይጠበቃል እንጂ ለመንገደኛ ሁሉ አይጣልም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምርጫው ጊዜ ደረሰ፤ አሁንም አጨዳ ላይ ነን። አሎይስ ታጥቦ የክት ልብሱን ለበሰ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«ሳሩ ሊበሰብስ ነው እኮ» አልኩት ልፈትነው።

«ይበስብስ!» አለኝ። «የዛሬው መራጭ እኔ ነኝ። ቫዱዝ ሌላ ጉዳይ የለኝም።»