የአማች ገብስ

ፈንታሁንና ዝናሽ የተዋወቁት በጠብ ነው፤ የጠቡም መነሻ የመድኃኒት ካርቶን ነበር።

ዝናሽ ሰቆጣ ውስጥ በአንድ የዓይን ሕክምና ቡድን ነርስ ነበረች። ቡድኑ ገጠር ለገጠር እየዞረ ትራኮማ የጎዳቸውን ሰዎች ያክማል። ማደሪያ በማይገኝበት እንዲያድሩበት አንድ የረድኤት ድርጅት ተሳቢ ቤት ሰጥቷቸዋል። ከፊትና ከኋላ አልጋ፣ መሐል ላይ ጠባብ ማብሰያ፣ መስኮቷ ከነመጋረጃው የሆነ፣ በላንድክሩዘር የምትጎተት ነጭ ቤት ናት። የሰቆጣ ሰው «ባለጎማዋ ቤት» ይላታል።

አንድ ቀን ጠዋት ዝናሽ የዚህችን ቤት በር ስትከፍት፣ ከኋላ አልጋ ሥር በሥርዓት የደረደረቻቸው ካርቶኖች በሙሉ ወደ ፊት ተግዘው አገኘቻቸው።

«ይሄ የማነው ሥራ?»

«የኔ ነው ሲስተር» የሚል ድምፅ ከመኪናው ሥር መጣ። ቀጥሎ ባለድምፁ ወጣ፤ ከደብረ ታቦር የተዛወረው አዲሱ ሾፌር ፈንታሁን ነበር። እጁ ግራሶ፣ ፊቱ ሳቅ።

«ሳታስፈቅድ?»

«ባስፈቅድሽ እምቢ ትያለሽ። እምቢ ካልሽ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ተያይዘን እናልቃለን።»

ዝናሽ ጉረኛ ነው አለች በልቧ። እሱ ግን ወደ ተሳቢዋ መጎተቻ ክንድ ወስዷት «እስቲ አንሺያት» አላት።

አነሳች። አቃታት።

«ከበደችሽ? እየከበደችሽ ትኑር። ፊቷ ከቀለለ ጭነቱ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የመኪናዬን ኋላ ወደ ላይ ታነሳዋለች። የኋላ ጎማዬ መሬት ካልጨበጠ ማርሽም ፍሬንም ዋጋ የለውም። እኔ መንዳቴ ይቀርና እሷ ትነዳኛለች።»

«አንተን የሚነዳ ከተገኘማ ምን ከፋኝ።»

ፈንታሁን ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም።

ከዚያ ወዲያ ውል ገቡ፤ የቤቲቱ ውስጥ የእሷ፣ ውጩ የእሱ። እሷ ዕቃውን ታስራለች፣ እሱ የመጎተቻውን ጋንቾ ይቆልፋል፣ ሰንሰለቱን ከሥር አጣምሮ ይይዛል። ሊነሱ ሲሉ «ውስጡ እንዴት ነው?» ይላል፤ «እንደተውከው ነው» ትላለች፤ ይሄዳሉ። በሌላው ነገር ሁሉ ሰው የማያምነው ፈንታሁን እሷ ያሰረችውን ከፍቶ አይቶ አያውቅም።

ቁልቁለት ሲደርስ ደግሞ መኪናውን አቁሞ ሰዉን ሁሉ ያስወርዳል። ወርዶ ዙሪያውን ይዞራል፣ መኪናውና ተሳቢዋ እኩል መቆማቸውን ያያል፣ ከዚያ ብቻውን በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ይወርዳል። ታች ሲደርስ በሩን ተደግፎ፣ እሷ ከኩርባው እስክትወጣ መንገዱን ይጠብቃል። ሌሎቹም የሚመጡ መሆናቸውን የሚያስታውስ አይመስልም።

አንድ ቀን ፃግብጂ ውስጥ እንዲህ ሲጠብቃት ደርሳ አጠገቡ ቆመች።

«እኔ ከላይ ቆሜ እያየሁህ ብትሞትስ?»

«አንቺ እያየሽኝ አልሞትም። አፍራለሁ።»

«ቀልድ አይደለም። ልቤ እኮ አብሮህ ነው የሚወርደው።»

ግራሶ ያልነካውን የእጁን ጀርባ አመጣና ጉንጯን ነካት።

«ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

«አባቴን አታውቀውም።»

«እሱስ ያውቀኛል?»

አያውቀውም ነበር፤ ለማወቅም አልፈለገም። የዝናሽ አባት ደጅይጥኑ ከአምደወርቅ በላይ ባለች ደጋ መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ያደረገውን ካወቅሁ ወዲህ ግን አንቱታው አልመጣልኝ አለ። ሽማግሌዎቹን ከበር አልመለሰም፤ የከፋውን አደረገ። አስገብቶ፣ አብልቶ፣ ፈንታሁን ራሱ በተቀመጠበት፣ «ልጄን በጎማ ላይ ቤት ላለው ሰው? ነገ የት እንደሚያድር ለማያውቅ?» አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ አዙሮ በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፈንታሁን ኽምጣኛ አይሰማም። ዝናሽ ትሰማለች። ምን እንዳለ ብዙ ጊዜ ለምኗታል፣ አልነገረችውም።

«ያለ እሱ ፈቃድ አልሄድም» አለችው ሲመለሱ። «ክፉ ነው፤ ግን አባቴ ነው።»

«እጠብቃለሁ።»

መጠበቂያ ግን አልቀረውም። የቡድኑ ሥራ ሊያበቃ ሆነ፤ ፈንታሁን ወደ ደብረ ታቦር እንዲመለስ ተነገረው። የመጨረሻው ዘመቻ ደግሞ በዝናሽ መንደር ሆነ። ባለጎማዋ ቤት በደጅይጥኑ ደጅ ቆማ ሰነበተች። ደጅይጥኑም ግንብ ላይ ተቀምጦ ሾፌሩን ሲያይ ከረመ፤ ጎማ ሥር ድንጋይ ሲያስገባ፣ ሰንሰለት ሲያጣምር፣ የታከሙ ሽማግሌዎችን ደግፎ ሲያወርድ።

በመጨረሻው ቀን ሽማግሌዎቹ ደግመው ለመኑት። ዝም አለ። ሽማግሌዎቹ ተነሡ፣ ፈንታሁንም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ዝናሽ ግን አንድ ነገር ታውቃለች። በደጅይጥኑ ወገን አባት ልጁን ሲፈቅድ በአፉ እሺ አይልም። አማቹ ሊሄድ ሲል፣ ሳያይ፣ በጭነቱ መካከል ገብስ ይሸጉጥለታል። ሰውየው መፈቀዱን የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ጭነት ሲያራግፍ ነው። አስቀድሞ የነገረው ሰው ካለ ትዳሩ አይሰምርም፣ እንዲያውም ሞት ይገባበታል ይላሉ። ይህን ወግ ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ ማንም ይሁን መኪና አላየም።

ጠዋት ሌሎቹ የቡድኑ አባላት በሚኒባስ ቀድመው ሄዱ። ፈንታሁን ተሳቢዋን ከመኪናው አገናኘ፣ ጋንቾውን ቆለፈ፣ ሰንሰለቱን አጣመረ፤ ከዚያ የመንደሩን ሽማግሌዎች ሊሰናበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ።

በዚያች ሰዓት ደጅይጥኑና ደግሰው የሚባለው የዝናሽ ወንድም ከጎተራው በኩል ስልቻ ተሸክመው ሲወጡ ዝናሽ አየች። አንድ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ ደጅይጥኑ ራሱ የማር ጋን አቅፎ መጣ። እናቷ ወለተ ሰንበት ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ መለሰቻት።

«አትይ። ልጅቱ አታይም።»

«እናቴ፣ ፈቀደ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች እናቷ፤ እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

ዝናሽ ጓዳ ቆማ ስልቾቹ ባለጎማዋ ቤት ወለል ላይ ዱብ ሲሉ ሰማች። የት እንዳረፉ ልሂድና ልይ የሚል ሐሳብ መጥቶባት ነበር፤ ከባዱ ወደ ፊት እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። ግን ደስታ ሰው ያሞኛል። ማታ ሰቆጣ ገብቶ በሩን ሲከፍት የሚሆነውን ፊት ብቻ ነበር የምታስበው።

ፈንታሁን ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ውስጡ እንዴት ነው?»

«እንደተውከው ነው» አለች። ፈገግታዋ ግን አልታዘዝ አላት።

አያት። «ደስ ብሎሻል።»

«ቀኑ ጥሩ ነው።»

«ላንቺ ጥሩ ከሆነ እሰየው።»

«ፈንቴ፣ ማታ ሰቆጣ እናወራለን።»

«ምን የሚወራ ቀረ?»

አንድ ቃል ብቻ ብትል ይበቃው ነበር። ከንፈሯን ነክሳ በመስኮት ወደ ውጭ አየች፤ ከንፈሯን ብትነክስም ሳቋ በጉንጯ ላይ ይታይ ነበር። እሱም አየ፤ ስንብቱ ቀሎላት ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ሌላ ምን ያስብ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ መኪናውን አቆመ።

«ውረጂ።»

ወረደች። እንደ ወትሮው ወርዶ ዙሪያውን መዞር ነበረበት። ለመዞር ግን በፊቷ ማለፍ፣ ያንን ፈገግታ እንደገና ማየት ሊኖርበት ነው። አልወረደም። ማርሹን አስገብቶ ሄደ።

ዝናሽ ከኋላ ቆማ ስታይ የተሳቢዋ ጭራ ዝቅ ብሏል። የመኪናው ኋላ ወደ ላይ ተነሥቷል። ያን ጊዜ ገባት።

«ፈንታሁን! አቁም! ጭነቱ ኋላ ነው!»

ነጠላዋን ጥላ እየጮኸች ሮጠች። ሞተሩ ያጓራል። በመስታወቱ አይቷት ይሆናል፤ አይታወቅም።

ተሳቢዋ መጀመሪያ ትንሽ ወዘወዝ አለች። ከዚያ በኃይል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ፈንታሁን ማድረግ ያለበትን ሁሉ አደረገ፤ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ነዳጁን ለቀቀ፣ ፍሬኑን አልረገጠም። ኩርባው ላይ ተሳቢዋ የመኪናውን ኋላ ወደ ጎን ገፋችውና ይዛው ወደ ገደሉ ወረደች።

ዝናሽ ስትደርስ ሞቶ ነበር። አፉና ፀጉሩ ላይ ገብስ ነበር፤ ገብሱን ጠረገችለት።

አስከሬኑን ወንድሞቹ ደብረ ታቦር ወሰዱት። ደጅይጥኑ በመንደሩ ለቅሶ ተቀመጠ፤ እንደ አማት ሳይሆን እንደ ወላጅ፣ እህል ሳይቀምስ። ዝናሽ ወንድሟን ከጓሮ ጠራችው።

«ስልቾቹን የት ነው ያስቀመጣችኋቸው?»

«ከኋላው አልጋ ሥር» አለ ደግሰው። «እኔ በሩ አጠገብ ልተወው ብዬ ነበር፤ አባባ ናቸው እምቢ ያሉ። ቁልቁለት ላይ ጭነት ወደ አንገት ይመጣል፣ ከብቱን ይጥለዋል፣ ወደ ኋላ አጥብቀው አሉኝ። ራሳቸው በገመድ አሰሩት።»

ደጅይጥኑ ዕድሜውን ሙሉ አህያ ጭኖ ተከዜን የወረደ ሰው ነው። በሚያውቀው ሁሉ፣ በሚችለው ጥንቃቄ ሁሉ ነበር የጫነለት።

«ይህን ለማንም አትናገር» አለች ዝናሽ። «ለአባባማ በፍጹም።»

አባቷ አስጠራት። ለቀስተኛው ወጥቶ ብቻውን ነበር።

«ያ ልጅ ግድየለሽ ሰው አልነበረም» አላት። «ተቀምጨ አይቸዋለሁ። ጎማው ሥር ድንጋይ ሳያስገባ አላደረም። እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ላይ እንዲሁ አይወድቅም።»

«አዎ፣ አባባ።»

«መኪናው ደህና ነበር። እሱም ደህና ነበር። የተጨመረው…» አለና አቆመ። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያያቸው ጀመር። «ገብሱ፣ ዝናሽ። ገብሱ ምን ያህል…»

«ነግሬው ነበር» አለች።

ቀና አለ። «ምኑን?»

«ገብሱን። እንደፈቀዱልን ነገርሁት። መታገሥ አቃተኝ።»

ደጅይጥኑ እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

«ምን አለ?»

ይህን ይጠይቀኛል ብላ አላሰበችም ነበር። መልሱ ግን ሳትፈልገው መጣላት።

«ሳቀ። መኪናውን አቁሞ እጄን ያዘ። አባትሽን ከእንግዲህ ምን ብዬ ልጥራቸው አለኝ።»

የሽማግሌው ፊት ፈካ። ለአንድ አፍታ ደስ ብሎት ነበር፤ ዝናሽ አየችው፣ እሷም አብራው ደስ አላት። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

«እያወቅሽ ተናገርሽ። እንግዲያ አንቺ ነሽ የገደልሽው።»

«አዎ፣ አባባ። እኔ ነኝ።»

«ከቤቴ ውጪ። ስሞትም እንዳትመጪ።»

እጁን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ነጠቃት። ወለተ ሰንበት ከጓዳ ስትወጣ ልጇ የለችም። ደጅይጥኑ ምግብ አምጭልኝ አላት፤ አቀረበችለት፣ ጠግቦ በላ።